ጆርጅ ዌድ ወታደር ነው ወይስ መንገድ ሠሪ?

ጥያቄ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ስለ ድሮው የእንግሊዝ ጦር ሳነብ ጆርጅ ዌድ የሚባል ጄኔራል አገኘሁ፣ ስሙ የሚነሳው ግን ሁሌ ከስኮትላንድ መንገድ ጋር ነው። ሰውየው መሃንዲስ ነበር እንዴ? ጦርነት ላይስ ምን ሠራ? የምታውቁ አስረዱኝ በናታችሁ

መልስ 1፦
ኧረ መሃንዲስ አይደለም፣ የለየለት ወታደር ነው። በፈረንጆቹ 1673 አየርላንድ ተወለደ፣ በ1690 መኮንን ሆኖ ጦሩን ተቀላቀለ ከዛ ፍላንደርስ (የዛሬው ቤልጂየም አካባቢ) ፖርቱጋል ስፔን እያለ ሲዋጋ ኖረ። በ1707 ስፔን ውስጥ አልማንሳ ላይ እንግሊዞችና አጋሮቻቸው ክፉኛ ሲሸነፉ እዛው ነበር፣ በ1708 የስፔኗን ደሴት ሚኖርካን ሲይዙም አለበት። ከ1722 ጀምሮ ደግሞ የባዝ ከተማ የፓርላማ ተወካይ ነው፣ ያኔ መኮንን ሆኖ ፓርላማ መቀመጥ የተለመደ ነበር

መልስ 2፦
ወንድሜ ጥሩ ብለሃል ግን መንገዱን ዘለልከው። በ1715 ጃኮባይቶች፣ ማለትም ከዙፋን የተባረረው የስቱዋርት ንጉሣዊ ቤተሰብ ደጋፊዎች፣ ዙፋኑ ይመለስለት ብለው አመፁ፣ የመንግሥት ጦር ደግሞ የስኮትላንድን ተራሮች መግቢያ አልነበረውም። በ1724 ዌድን አይተህ ና ብለው ላኩት፣ እሱም አይቶ ችግሩ መንገድና ድልድይ ነው አለ፣ ከዛ ራሱን አሠሩት። 400 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ! የቆፈሩት ወታደሮቹ ናቸው፣ ተራው ወታደር ከደመወዙ ሌላ በቀን 6 ፔንስ ይጨመርለታል። አበርፌልዲ ላይ ቴይ ወንዝን የሚሻገረው የ1733 ድልድይ ዛሬም መኪና ያልፍበታል፣ ንድፉ የአርክቴክቱ የዊልያም አዳም ነው። እኔ ለዚህ ሰው ትልቅ ክብር አለኝ

መልስ 3፦
እኔን የሚያሳዝነኝ መጨረሻው ነው። በ1745 ከዛው ቤተሰብ የሆነው ቻርልስ ኤድዋርድ ስቱዋርት ዙፋኑን ፈልጎ ሲነሳ የዌድን መንገድ ቀድመው የተጠቀሙበት አመፀኞቹ ናቸው፣ ኮሪያሪክ የሚባለውን የተራራ በር ያዙበትና የመንግሥት ጦር አዛዡ ጄኔራል ኮፕ መንገዱን ለቆ ወደ ኢንቨርነስ ዞረ፣ እነሱ በዛው ወደ ደቡብ ወረዱ። ዌድ ያኔ ፊልድ ማርሻል ነው ግን 72 ዓመቱ፣ ከኒውካስል ወጥቶ ሊገጥማቸው ሲል ሄክሳም ላይ በረዶ መለሰው። በ1748 ሞተ፣ የተቀበረው ዌስትሚንስተር አቢ ነው

ጠያቂው፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ግን መልስ 3፣ መንገዱን የሚጠብቅ በቂ ጦር ስኮትላንድ ውስጥ ካልነበረ ጥፋቱ የሱ ነው ማለት ይከብደኛል፣ መንገድ እኮ የሚያልፍበትን አይመርጥም

መልስ 3፦
ልክ ነህ፣ ብዙው ጦር ፍላንደርስ ነበር ያኔ