ክርክር፦ በውበታቸው በተጠበቁ ወንዞች ለመዝናኛ ወርቅ ማጠብ ይፈቀድ ወይስ ይከልከል?

አወያይ፦
የዛሬው ርዕሳችን ለመዝናናት ወርቅ የሚያጥበውን ሰው ይመለከታል። ኑሮው በወርቅ የቆመውን አላነሳንም፤ የእረፍት ቀኑን ጠብቆ ሳፋና አካፋ ይዞ ወንዝ የሚወርደውን ነው። መነሻ እንዲሆነን የአሜሪካዋን የኦሪገን ግዛት እንውሰድ። የግዛቲቱ ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ1970 (ዛሬ የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በራሱ ድምፅ ውብ ወንዞችን የሚጠብቅ ሕግ አጸደቀ። ሮግ፣ ኢሊኖይ፣ ዴሹትስና ጆን ዴይ ከመጀመሪያዎቹ ጥብቅ ወንዞች መካከል ናቸው። ሕጉ ሞተር በሌለው መሣሪያ ወርቅ መፈለግን ይፈቅዳል፤ ልኩም በአንድ ቦታ እስከ 1 ኪዩቢክ ያርድ፣ ከአንድ ወንዝ ደግሞ በዓመት እስከ 5 ኪዩቢክ ያርድ ነው። አንዱ ኪዩቢክ ያርድ 0.76 ሜትር ኩብ ገደማ ይሆናል። የዓሣ እንቁላል ያለበት ቦታ ግን አይነካም። በሞተር ጠጠሩን ከወንዙ ወለል የሚመጠው ማሽን ሳልመን የሚባለው ዓሣ በሚራባባቸው ወንዞች ከ2018 መጀመሪያ ጀምሮ ተከልክሏል። ይህ ይበቃል? ይጥበቅ? ወይስ ጭራሽ ይቅር? መድረኩ ክፍት ነው።

ባለ ሳፋው፦
እኔ ይፈቀድ ባይ ነኝ፤ ከሚያጥቡትም አንዱ ነኝ። ሙሉ ቀን ጎንበስ ብዬ ውዬ የማገኘው ወርቅ ጥፍሬን አይሸፍንም። ለገንዘብ ብዬ ቢሆን ገና ድሮ በተውኩት ነበር። የምሄደው ከልጄ ጋር ነው። ሳፋውን ውኃ ውስጥ ነክረን እናወዛውዛለን፤ ቀላሉ አሸዋ በጠርዙ በኩል ቀስ እያለ ይሄዳል። ወርቅ ከውኃ 19 ጊዜ ይከብዳል፣ ተራው ጠጠር ሦስት ጊዜ እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ ወርቁ ወደ ሥር ይሰምጣል። መጨረሻ ላይ ጥቁሩ አሸዋ እንደ ማጭድ ተጠማዞ ይቀራል፤ ጫፉ ላይ አንዳንዴ አንዲት ብልጭታ ትታያለች። ልጄ ያኔ ትንፋሿን ትይዛለች። ወንዝ ለምን እንደሚጠመዘዝ፣ ከባድ ነገር ለምን በመታጠፊያው ውስጠኛ ዳር እንደሚቀመጥ የገባት እዚያ ነው፤ መጽሐፍ ላይ አይደለም።

ጉዳቱን በተመለከተ፣ አንድ ኃይለኛ ጎርፍ በአንድ ሌሊት የሚያገላብጠውን ጠጠር እኔና መሰሎቼ ዕድሜያችንን ሙሉ ብንቆፍር አንደርስበትም። ወንዙ ራሱን እንዲህ የሚያርስ ከሆነ የእኔ ሳፋ ምን ያህል ይጎዳዋል?

ከጠጠር ሥር፦
ወንድሜ ባለ ሳፋው፣ ስለ ልጅህ ያልከው ልቤን ነክቶታል፤ የጎርፉን ነገር ግን አልቀበልህም።

ሴቷ ሳልመን በጅራቷ ጠጠሩን እየገረፈች ጉድጓድ ትምሳለች፣ እንቁላሏን ትጥላለች፣ ከዚያ ከላይ በኩል ያለውን ጠጠር አንስታ ትከድነዋለች። ቺኑክ የሚባለው ትልቁ ሳልመን እንቁላሉን ከ20 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይቀብረዋል። ለምን ያን ያህል? ያ ጥልቀት በብዙ ሺህ ዓመት ጎርፍ የተለካ ነው። ጎርፉ አንዳንዱን ጠርጎ ይወስዳል፣ ብዙውን ግን አይደርስበትም። አካፋ ግን እስከ አለቱ ይወርዳል፤ ምክንያቱም ወርቁ ያለው አለቱ ስንጥቅ ውስጥ ነው። ዓሣዋ ጎርፍን ታውቃለች፤ አካፋን አታውቅም።

ሁለተኛ፣ የሚነሳው ደለል አለ። እንቁላሉ የሚተነፍሰው በጠጠሮቹ መካከል በሚያልፈው ውኃ ነው። ያ ክፍተት በደቃቅ ጭቃ ሲደፈን እንቁላሉ ሳይቆፈር እዚያው ታፍኖ ይሞታል። ጎርፍ ሲሆን ወንዙ ሞልቶ ጭቃውን ይዞት ይሄዳል፤ ውኃው በቀነሰበት ወር የተነሳ ጭቃ ግን ርቆ ሳይሄድ ይረጋል።

ሕግ ተመልካች፦
ሁለታችሁም ስለ ሳፋና አካፋ እያወራችሁ ነው፤ ትልቁ የሕግ ጦርነት የተካሄደው ግን በሞተር መምጠጫው ላይ እንደሆነ መዘንጋት የለበትም። ሳይለያይ የሚነገር ነገር ሁለቱንም ወገን ያሳስታል።

መምጠጫው እንደ ቤት መጥረጊያ ማሽን ነው፤ ጠላቂው ቱቦውን ይዞ ወለሉ ላይ ይሄዳል፣ ጠጠሩም አሸዋውም ከነሕይወቱ በቱቦው ይወጣና በማጣሪያው ላይ ያልፋል። በ1981 የወጣ የአይዳሆ ጥናት ትራውት የሚባለው ዓሣ እንቁላል፣ የጫጩቱ ዓይን ገና ሳይታይበት፣ በማሽኑ ውስጥ ሲያልፍ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሙሉ በሙሉ እንደሞተ አሳይቷል። ማሽኑ ከኋላው የሚከምረው ልቅ ጠጠርም ሌላ ወጥመድ ነው፤ ሳልመን ምቹ መስሎት እንቁላሉን ይጥልበታል፣ የመጀመሪያው ጎርፍ ሲመጣ ክምሩ ከነእንቁላሉ ይናዳል።

ካሊፎርኒያ ላይ ደግሞ የሜርኩሪ፣ የባዜቃ ጉዳይ ተጨመረበት። ከ1848 በኋላ በመጣው የወርቅ ግርግር ወርቁን ከአሸዋ ለመለየት ሜርኩሪ በገፍ ይፈስ ነበር። የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት ግምት እንደሚለው ወደ አካባቢው የገባው 10 ሚሊዮን ፓውንድ ይደርሳል፤ 4,500 ቶን ገደማ ማለት ነው። ብዙው ዛሬም ከጠጠሩ ሥር ተኝቷል። ግዛቲቱ በ2009 መምጠጫውን አገደች። ወርቅ ፈላጊዎቹ «የ1872ቱ የፌዴራል ማዕድን ሕግ መብት ሰጥቶናል፣ ግዛት ሊነጥቀን አይችልም» ብለው ተከራከሩ፤ የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2016 አልተቀበላቸውም። የማዕድን መብት አለህ ማለት በፈለግከው መሣሪያ ታወጣለህ ማለት አይደለም፤ የእኔም አቋም ይኸው ነው።

ባለ ሳፋው፦
በመምጠጫው ላይ አልከራከርህም፤ ይዤው አላውቅም። ሆኖም ስለ ሜርኩሪው ግማሹን ብቻ ነው የነገርከን። ከወንዙ ሜርኩሪ የሚያወጣው ማን ነው? እኛው ነን። ሳፋዬ ላይ እንደ ብር ጠብታ የምትንከባለል ነገር ባገኝ በጠርሙስ ይዤ ለአደገኛ ቆሻሻ ተቀባይ አስረክባለሁ እንጂ መልሼ አልደፋትም። የዓሣ አጥማጁ መንጠቆ ላይ የሚታሰረውን የእርሳስ ብረትም ስንለቅም ነው የምንውለው።

ሕግ ተመልካች፦
ልክ ነህ፣ ሙሉውን ልናገር። በካሊፎርኒያ «አሜሪካን» በሚባለው ወንዝ ደቡባዊ ክንድ ላይ የተደረገና ውጤቱ በ2005 የወጣ ሙከራ መምጠጫው ካጋጠመው ሜርኩሪ 98 ከመቶውን እንደያዘ አገኘ። ይህን የእናንተ ወገን ሁሌ ይጠቅሰዋል። ያመለጠው 2 ከመቶ ግን እንደ ዱቄት ደቅቆ ከደለሉ ጋር ነው የሄደው፤ በዚያ ደለል ውስጥ የነበረው የሜርኩሪ መጠን አደገኛ ቆሻሻ ከሚባልበት ወሰን ከአሥር እጥፍ በላይ ነበር። ተኝቶ የነበረው መርዝ ተነሥቶ ለሕይወት ወደሚቀርብበት ቦታ ሄደ ማለት ነው። ይህ ሁሉ የማሽን ታሪክ ነው፤ ሳፋ ጠብታውን አያደቅቀውም። ለዚህ ነው አታደባልቋቸው የምለው።

ባለ ሳፋው፦
እሺ። እንግዲህ አንድ ጥያቄ ለከጠጠር ሥር አለኝ። በ1992 የታተመ ጥናት አለ፤ ዓሣ አጥማጅ በእግሩ ወንዝ ውስጥ ሲሄድ የተቀበረ የትራውት እንቁላል ላይ ምን እንደሚያደርስ የለካ። ከመፈልፈያው ጥቂት ቀደም ብሎ አንድ ጊዜ ብቻ መረገጡ እስከ 43 ከመቶ ይገድላል፤ እንቁላል ከሆነበት ጊዜ ጀምሮ በየቀኑ ሁለት ጊዜ ከተረገጠ እስከ 96 ከመቶ። ታዲያ ረጅም ቦቲ አድርጎ መሐል ወንዝ የሚቆመውን ለምን ማንም አይከለክለውም? የሳፋ ሰው ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ፣ ድምፁም ስለማይሰማ ነው?

ከጠጠር ሥር፦
ጥናቱን አውቀዋለሁ፤ ያገኘው ነገርም እውነት ነው። ግን ለእኔ ነው የሚመሰክረው። መርገጥ ብቻ ይህን ካደረገ መቆፈር ምን ሊያደርግ ነው? አጥማጁም እንቁላል ባለበት ወቅት ከመራቢያው ጠጠር ይውጣ ብትል ከጎንህ ነኝ፤ በብዙ ወንዞችም በመራቢያ ወቅት ማጥመድ የሚዘጋው ስለዚህ ነው።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ልምጣ። ሕጉ «የዓሣ እንቁላል ባለበት ቦታ አትቆፍር» ይላል። ይህን ሳነብ ሁሌ የሚከነክነኝ ማን ያየዋል? የሚለው ነው። ዓሣዋ ጠጠሩን እንደገረፈች ሰሞን ቦታው ይታወቃል፤ አረንጓዴው ዋቅላሚ (አልጌ) ስለታጠበ ጠጠሩ ነጣ ብሎ እንደተጠረገ ግቢ ይለያል። ጥቂት ሳምንታት ካለፉ በኋላ ግን ዋቅላሚው ተመልሶ ይለብሰዋል፤ ከዙሪያው አይለይም። እንቁላሉ ግን ገና እዚያው ነው፤ ለወራት ይቆያል። ጥሩ ሰው፣ ሕግ አክባሪ ሰው፣ ከልጁ ጋር፣ እንቁላል ላይ ቆሞ ሊቆፍር ይችላል፤ ሳያውቅም ይመለሳል። ይህ ሕግ በዓይን የማይታይን ነገር ዓይን እንዲጠብቀው ነው የሚያዘው።

ስለዚህ እኔ የምጠይቀው ጭራሽ ክልከላ አይደለም። ቀን መቁጠሪያ ነው። የኦሪገን የዓሣና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ድልድይ ሠሪውም ሆነ ቧንቧ ዘርጊው ወንዝ ውስጥ የሚገባበትን ወቅት ለየወንዙ ለይቶ መመሪያ አውጥቷል። ሳፋውም በዚያው ወቅት ይገደብ። ከወቅቱ ውጭ ዝግ፣ በወቅቱ ክፍት።

የዳር ሰው፦
ሁላችሁም ስለ ዓሣ ተናገራችሁ፤ ወንዞቹ ግን ስማቸው ላይ «ውብ» የሚል ቃል አለ፤ እሱን ማን ይሟገትለት? እኔ ወርቅም አላጥብም፣ ዓሣም አላጠምድም፤ ዳር ዳሩን እሄዳለሁ። ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ የአሸዋ ደሴት ላይ አሥራ አንድ ጉድጓድ ቆጥሬአለሁ፤ አንዳንዱ እስከ ጉልበቴ ይደርሳል፣ ውስጡ ውኃ ቋጥሮ ትንንሽ ዓሦች ተይዘውበታል። ከዚያ ያሳዘነኝ ዳሩ ነው፤ የዛፉ ሥር ታጥቦ ተንጠልጥሏል፣ ከሥሩ የተወሰደው አፈር የት እንደደረሰ እግዜር ይወቀው። ዛፉ በሚቀጥለው ጎርፍ ይወድቃል፤ ጥላው ሲሄድ ውኃው ይሞቃል።

በፊንላንድ ላፕላንድ ያለው የሌመንዮኪ ብሔራዊ ፓርክ ወርቅ የተገኘበት በ1945 ነው፤ ፓርክ የሆነው በ1956። በማሽን መቆፈሩ የቆመው በ2020 ነው። ከስልሳ ዓመት በላይ ማለት ነው! ዛሬ «ትንሽ ነው» የምንለው ነገር ልማድ ይሆንና ለማስቆም አንድ ትውልድ ይፈጃል። ስለዚህ እኔ ይቅር ባይ ነኝ፤ ቢያንስ ጭራሽ ባልተነኩት የወንዝ ክፍሎች።

ሕግ ተመልካች፦
ጥሩ ምሳሌ አመጣህ፣ ግን እስከ መጨረሻው ተመልከተው፤ እዚያ የቆመው ማሽኑ ነው። ያልተነኩ ስላልካቸው ደግሞ፣ የአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ከ1968 ጀምሮ ጥብቅ ወንዞችን በሦስት ደረጃ ይከፍላቸዋል። «የዱር» በሚባለው ደረጃ ከሁለቱም ዳር እስከ ሩብ ማይል ድረስ በፌዴራል መሬት ላይ አዲስ የማዕድን ይዞታ አይሰጥም፤ ቀድሞ የተያዘው ግን አይነካም። ኒው ዚላንድ ሌላ መንገድ ይዛለች፤ ማንም ሰው ያለ ፈቃድ በእጅ መሣሪያ ወርቅ የሚፈልግባቸውን ቦታዎች ለይታ ከልላለች፣ ሞተር እዚያ አይገባም። የአሮው ወንዝን የመሰለ ድሮውንም በቁፋሮ የታረሰ ቦታ ለዚህ ይሰጣል፤ ሰው የሚሄድበትን ካወቀ ያልተነካው ሳይነካ ይቆያል።

ደግሞ የቁጥሩን ነገር ማንም አላነሳውም። 5 ኪዩቢክ ያርድ ለአንድ ሰው ትንሽ ይመስላል። መቶ ሰው መብቱን አሟጦ ቢጠቀም 500 ይሆናል፤ ወደ 380 ሜትር ኩብ፣ በአሥር ሜትር ኩብ ገልባጭ መኪና 38 ጭነት። ያውም ተበትኖ ሳይሆን መኪና ማቆሚያ ባለበት አንድ መታጠፊያ ላይ። ሕጉ ሰውን ይቆጥራል፣ ወንዙ የቻለውን አይቆጥርም።

ባለ ሳፋው፦
የዳር ሰው፣ ጉድጓድ ሳይደፍን የሚሄድ ሰው እኔንም ያናድደኛል፤ ዳር የሚቦረቡረውን ደግሞ ፊት ለፊት ተናግሬ አውቃለሁ። ዳር መቆፈር ለብቻው ይከልከል፤ ቅጣቱም ይጠንክር፤ አልከራከርም። የ38 ጭነቱን ነገር አስቤው አላውቅም ነበር።

ከጠጠር ሥር፣ ያንተው ግን እንቅልፍ የሚነሳኝ ነው። ባለፈው ዓመት ልጄን ይዤ የሄድኩት ሳልመኑ ከጣለ ወር ካለፈው በኋላ ነው። ቦታውን በዓይኔ ፈትሼ «ንጹሕ ነው» ብዬአት ነበር። የወቅቱን ገደብ እቀበላለሁ። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ፤ በተፈቀደው ወቅትስ ቢሆን ከጠጠሩ ሥር ማንም የለም ማለት ነው?

ከጠጠር ሥር፦
አለ። ላምፕሪ የሚባለው እባብ መሰል ዓሣ ጫጩቱ ደለል ውስጥ ተቀብሮ ለዓመታት ይኖራል፤ ለእሱ ክፍት ወር የለውም። ግን የሚመርጠው ውኃው ቀስ የሚልበትን፣ ለስላሳውን ጭቃ ነው፤ አንተ ደግሞ የምትፈልገው አለትና ከባድ ጠጠር ነው። ስለዚህ አካፋህ ቅቤ ውስጥ እንደሚገባ በቀላሉ ከገባ እዚያ አትቆፍር፣ ለወርቅም አይሆንህም። ከመጀመሪያው አካፋ በፊት ደግሞ አንድ ድንጋይ ገልብጡና ከሥሩ ተመልከቱ፤ በአሸዋ ቅንጣት የተሠራች የትል ቤት ተለጥፋ ታገኛላችሁ። ለልጅህ አሳያትና ድንጋዩን በነበረበት አኳኋን፣ በዚያው ፊቱ መልሱት።