ላፕቶፔን ላሠራው፣ ልሽጠው ወይስ ልቀይረው?

ሒሳብ ሠራተኛ፣ ሳቢያን

ሰላም ለሁላችሁ። ላፕቶፔ ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ1 ነው። አራተኛ ትውልድ ኮር አይ5፣ 4 ጊጋ ራም፣ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ አለው። እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራና መጋላ ላሉ ሱቆች ሒሳብ የምሠራው በእሱ ነው። ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ ፕሮግራምና ኤክሴል ከሠሩልኝ ይበቃኛል።

አሁን ግን ከፍቼው ሥራ እስክጀምር ቡና ተቆልቶ ይፈላል። ከሰዓት ሙቀቱ ሲበረታ ፋኑ ይጮህና ድርግም ይላል። ባትሪው ሞቷል፤ መብራት ሲሄድ ሴቭ ያላደረግኩት ሁሉ አብሮ ይሄዳል። የቫት ማሳወቂያ ቀን ሲደርስ ሆዴ ይረበሻል።

ወንድሜ «ሽጪውና ታይዋን ገበያ ገብተሽ ሌላ ግዢ» ይለኛል። የቀረበልኝ ዋጋ ግን ከቻርጀር ብዙም አይበልጥም። እቁቤም ገና አልደረሰኝም። ይህ ዕቃ እንጀራዬ ነው፤ ምን ትመክሩኛላችሁ?

ጥገና ሠሪ፣ ከዚራ

አቦ እህቴ፣ እንዳትሸጪው! የነገርሽን ሁሉ የሚድን ነው።

መጥፋቱ ከሙቀት ነው። የድሬ አቧራ የፋኑን መውጫ ይደፍነዋል። ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባው ፔስትም በዕድሜ ይደርቃል። ፕሮሰሰሩ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ሙቀቱ ከዚያ ካለፈ እንዳይቃጠል ራሱን ያጠፋል። ክፍሉ ራሱ 35 ዲግሪ ሲሆን ደግሞ እዚያ ለመድረስ ጊዜ አይፈጅበትም። አስጠርጊው፣ ፔስቱን አስቀይሪ። ከሁሉም ትንሹ ወጪ ይሄ ነው።

መንቀርፈፉ ከሃርድ ዲስኩ ነው። በእሱ ፋንታ ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ በጣም የሚፈጥን ማከማቻ) አስገቢበት፤ 256 ጊጋ ይበቃሻል። ዊንዶውሱም ፒችትሪውም እንዳለ ይገለበጣል፣ እንደገና መጫን የለም። ራሙን 8 አድርጊው። ስትገዢ ዲዲአር3ኤል በይ፤ ዲዲአር4 አይገባበትም። ከሁሉ በፊት ግን ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም የዲስኩን ጤና እዪ። ቢጫ ካሳየ ዛሬውኑ ሥራሽን ሌላ ቦታ ገልብጪ።

ማዘርቦርዱ ተበላሽቶ ቢሆን ኖሮ ተዪው እልሽ ነበር።

መምህር፣ ሐረር

በጥገናው እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ግን ተረሳ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ (የደኅንነት ማሻሻያውን) ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ኢንቴል ከሆነ በጥቅሉ ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ነው የሚጠይቀው። እኔ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ሚንት ጭኜ ተገላግያለሁ። ፒችትሪ ግን የዊንዶውስ ፕሮግራም ስለሆነ ላንቺ አይሆንም።

ስለዚህ አሠሪው፣ ግን ብዙ ገንዘብ አታፍስሺበት። ወደፊት ስትገዢ «ኮር አይ5 ነው» ሲሉሽ አትርኪ። ከሰረዙ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር አንብቢ፦ አይ5-4300 አራተኛ ትውልድ ነው፣ አይ5-8250 ስምንተኛ።

ጥገና ሠሪ፣ ከዚራ

መምህሩ ልክ ነው። ኤስኤስዲው አይባክንም፤ በኋላ በዩኤስቢ የሚሰካ ኬዝ ገዝተሽለት ለመጠባበቂያ ይሆንሻል። ራሙ ግን ለሚቀጥለው ላፕቶፕሽ ስለማይሆን ያገለገለ ፈልጊ።

ሒሳብ ሠራተኛ፣ ሳቢያን

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዲስኩን አየሁት፣ ቢጫ ነው! ሁሉንም ወደ ፍላሽ ገልብጫለሁ። ጽዳቱንና ኤስኤስዲውን በዚህ ሳምንት አሠራለሁ። ባትሪም እገዛለሁ፤ መብራት ሲሄድ ሴቭ የማደርግበት ጊዜ ከሰጠኝ ይበቃኛል። እቁቡ ሲደርሰኝ ስምንተኛ ትውልድ እፈልጋለሁ። ያኔ ይሄኛውን ብሸጥም ያለ ዲስክ ነው የምሸጠው፤ የደንበኞቼ ቲን ቁጥርና ሒሳብ ያለው እዚያ ላይ ነው።