ለዊንዶውስ፣ ለማክና ለሊኑክስ በጋራ የሚያገለግል ሃርድ ዲስክ በምን ዓይነት ፎርማት ይዘጋጅ?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ውስጥ አነስተኛ የቪዲዮ ስቱዲዮ አለኝ። ቀረጻውን ከካሜራው ወደ ዊንዶውስ ኮምፒውተር እገለብጣለሁ፤ የሚያቀናብርልኝ ባልደረባዬ ማክ ይጠቀማል፤ ጽሑፍ የምታስገባልኝ እህቴ ደግሞ ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ዓይነት ነው ያላት። ባለ 2 ቴራባይቱ ሃርድ ዲስካችን ኤንቲኤፍኤስ (NTFS) በተባለው የዊንዶውስ ፎርማት የተዘጋጀ በመሆኑ ባልደረባዬ ቪዲዮውን ከፍቶ ቢያይም ያቀናበረውን መልሶ ሊያስቀምጥበት አልቻለም። በፍላሽ ስንሞክር ደግሞ ጅሬን፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የቀረጽነው የ11 ጊጋባይት ፋይል፣ 28 ጊጋባይት ባዶ ቦታ እያለ «ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው» ተብሎ አልገለበጥ አለ። ሃርድ ዲስኩን በምን ፎርማት ላድርገው? በውስጡ ያሉት የደንበኞቼ የሠርግ ቪዲዮዎችስ ይጠፋሉ?

መልስ 1

ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምርና፣ አዎን፣ ይጠፋሉ። ስለዚህ አስቀድመው ሁሉንም ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጡ፤ ከተገለበጡትም ጥቂቶቹን ከፍተው እስከ መጨረሻው መጫወታቸውን ይመልከቱ። የሰው ሠርግ ዳግመኛ አይቀረጽም።

ለሥራዎ የሚስማማው ኤክስፋት (exFAT) የተባለው ፎርማት ነው። ማክ ኤንቲኤፍኤስን ያነባል እንጂ ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም አይጽፍበትም። ፍላሽዎ ፋት32 (FAT32) በተባለው የቆየ ፎርማት የተዘጋጀ ሳይሆን አይቀርም፤ ፋት32 ምንም ያህል ባዶ ቦታ ቢኖረው ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥን ነጠላ ፋይል አይቀበልም። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው ኤክስፋት ይህ ገደብ የለበትም፤ በዊንዶውስም በማክም ይጻፍበታል። በዊንዶውስ ዲስኩን በቀኝ ክሊክ ነክተው «ፎርማት» ካሉ በኋላ ከፋይል ሲስተም ዝርዝሩ ውስጥ ኤክስፋትን ይምረጡ፤ ከመጀመርዎ በፊት ግን የመረጡት ዲስክ ያ ራሱ መሆኑን በስሙም በመጠኑም ያረጋግጡ።

መልስ 2

በኤክስፋት እስማማለሁ። ለእህትዎም አይቸገሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው ከርነል (የሊኑክስ እምብርት የሆነው ፕሮግራም) 5.4 ጀምሮ ሊኑክስ ራሱ ስለሚደግፈው በአዳዲሶቹ ኡቡንቱዎች ላይ ይከፈታል። ነገር ግን ኤንቲኤፍኤስ የሚያደርገውን ለውጥ አስቀድሞ በመዝገብ ስለሚይዝ፣ በመሃል መብራት ቢጠፋ ወይም ገመዱ ቢነቀል ራሱን ለማስተካከል ይችላል፤ ኤክስፋት እንዲህ ያለ መዝገብ የለውም። ስለዚህ ሁልጊዜ ዲስኩን በኮምፒውተሩ ላይ «ኢጀክት» (አስወጣ) አድርጋችሁ ብቻ ገመዱን ንቀሉ፤ መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓት ደግሞ ባትሪ ካለው ላፕቶፕ ላይ ገልብጡ። ባልደረባዎም ዲስኩን አፒኤፍኤስ (APFS) ወደተባለው የማክ ፎርማት እንዳይቀይሩት ይንገሯቸው፤ ዊንዶውስ እንዲህ ያለውን ዲስክ ሊያነብ ስለማይችል «ፎርማት ላድርገው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሳያስተውሉ እሺ ካሉት ሥራው ሁሉ ይሄዳል።

ጠያቂው

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሠርጎቹን ቅጂ በሌላ ዲስክ ካስቀመጥሁ በኋላ ወደ ኤክስፋት ቀየርኩት። የጅሬኑ ፋይል ሳይቆራረጥ ገባ፤ ባልደረባዬም ያቀናበረውን ዛሬ ጠዋት እዚያው አስቀምጦበት፣ እህቴ በኡቡንቱዋ ከፍታ ጽሑፉን እያስገባች ነው።