ለካርድ ክፍላችን ስንት መደርደሪያ ይበቃል?

ጥያቄ (ከአዳማ)
ጤና ይስጥልኝ ባልደረቦቼ። በአዳማ ከተማ በሚገኝ አንድ የግል ክሊኒክ የካርድ ክፍል ኃላፊ ነኝ። መደርደሪያዎቻችን ሞልተው አዳዲስ ካርዶችን በካርቶን እያደረግን መሬት ላይ ማስቀመጥ ከጀመርን ሦስት ወር ሆኖናል፤ መደርደሪያው ላይ ያሉትም እጅግ ተጣበው ስለቆሙ አንዱን ስንስብ የጎኑ ካርድ ጠርዝ አብሮ ይቀደዳል። አሁን 24,000 ያህል ካርድ አለን፤ በወር በአማካይ 400 አዲስ ታካሚ ይመዘገባል። ለ5 ዓመት የሚበቃ መደርደሪያ አስልቼ እንዳቀርብ ታዝዣለሁ። የካርዱን ብዛት አንድ መደርደሪያ በሚይዘው ቁጥር ባካፍል ይበቃል?

መልስ 1
የካርድ ብዛት ብቻውን ያሳስትዎታል፤ የሚሰላው ካርዱ የሚይዘው ርዝመት ነው። ሜትር ይያዙና ከአሮጌው፣ ከመካከለኛውና ከአዲሱ ረድፍ በ1 ሜትር ውስጥ ሳይጨናነቅ ስንት ካርድ እንደሚቆም ይቁጠሩ። አማካዩ 120 ነው እንበል፤ ያለው ካርድ 200 ሜትር ይይዛል፤ በዓመት የሚጨመረው 4,800 ደግሞ 40 ሜትር፣ በ5 ዓመት 200 ሜትር ይሆናል። እጅ እንዲገባና ካርዱ እንዲላወስ 20 በመቶ ባዶ ስለሚተው የሁለቱን ድምር 400 ሜትር ለ0.8 ያካፍሉ፤ 500 ሜትር ያገኛሉ። (ብዙ ሰው እዚህ ላይ በ1.2 አባዝቶ 480 ይላል፤ ስሕተት ነው፤ ባዶው 80 ሜትር ከ480ው 20 በመቶ አይሞላም።) ስፋቱ 90 ሳንቲ ሜትር የሆነ ባለ 6 እርከን መደርደሪያ 5.4 ሜትር ስለሚይዝ 93 መደርደሪያ ያስፈልግዎታል።

መልስ 2 (ከሐዋሳ)
ስሌቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ካርዱ ዛሬ ባለው ውፍረት ይቀራል ብሎ ተነሥቷል። የስኳርና የደም ግፊት ታካሚ በየቀጠሮው የላቦራቶሪ ወረቀት እየተጨመረበት ካርዱ ከዓመት ዓመት ይወፍራል፤ አዲስ ታካሚ ባይመዘገብ እንኳ መደርደሪያው ይሞላል። ሌላው፣ ባዶው ቦታ የት ይተው የሚለው በአደራደራችሁ ይወሰናል። በተራ ቁጥር የምትደረድሩ ከሆነ አዲሱ ካርድ ሁሉ መጨረሻው ላይ ይከማቻል። በካርድ ቁጥሩ የመጨረሻ ሁለት አሃዞች ከ00 እስከ 99 ከተከፈለ ግን ዕድገቱ በመቶው ክፍል እኩል ስለሚሠራጭ ባዶው በየእርከኑ መተው አለበት። እኛ ይህን ሳናውቅ ባዶውን ሁሉ አንድ ጥግ ትተን፣ በዓመቱ ካርዱን በሙሉ እንደገና ስናሸጋሽግ ከረምን።

መልስ 3
ክብደቱንም አትርሱ። 500 ሉህ ያለው አንድ እሽግ ኤ4 ወረቀት ውፍረቱ 5 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 2.5 ኪሎ ያህል ስለሆነ ጥቅጥቅ ያለ 1 ሜትር ወረቀት ወደ 50 ኪሎ ይመዝናል። የካርድ ረድፍ ክፍተት ስላለው ከዚህ ይቀላል፤ ሆኖም ክፍሉ ፎቅ ላይ ከሆነ መሐንዲስ ሳያየው አትግዙ። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌ አካባቢ የተደጋገመው የመሬት መንቀጥቀጥ አዳማ ድረስ ተሰምቶ ስለነበር መደርደሪያው ከግድግዳ ጋር በብሎን ይታሰር። ካርቶኖቹንም ምስጥ ሳይቀድማችሁ ከመሬት አንሡ።

ጠያቂው
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ለካሁ፤ በአሮጌው ረድፍ 84፣ በመካከለኛው 118፣ በአዲሱ 160 ካርድ በሜትር ወጣ። አዲሶቹ በ5 ዓመት እንደ መካከለኛው እንደሚወፍሩ ቆጥሬ አሰላለሁ። ከዚያ በፊት ግን ለረጅም ዓመታት ያልተመላለሱ ታካሚዎች ካርድ ስንት እንደሆነ ቆጥሬ ወደ ኋላ መጋዘን ሊዛወር የሚችለውን ከ200 ሜትሩ ላይ እቀንሳለሁ።