«ፖክ» መጎንተል ነው ወይስ ከረጢት?

የሰኞ ገበያው (ደሴ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ሳምንት ምድጃ ከብበን እየሞቅን ሳለ ልጄ የእንግሊዝኛ የቤት ሥራ ይዛ መጣች። አባባሉ «አሳማ በፖክ ውስጥ አትግዛ» ይላል። ደሴ ገበያ ላይ አሳማ ማን አይቶ ያውቃል? ይሁን ብዬ፣ ፖክ መጎንተል መሆኑን አውቃለሁና «አሳማ እየጎነተልክ አትግዛ» አልኳት። መምህሯ በቀይ ሰረዘው። ከዚያ ወዲህ የቤት ሥራዋን ከእኔ ትደብቃለች። ስህተቴ የቱ ላይ ነው?

ጡረተኛው መምህር (ኮምቦልቻ)፦
እዚህ ላይ ፖክ ግስ ሳይሆን ስም ነው፤ ከረጢት ማለት ነው። ከሰሜን ፈረንሳይ ሰዎች አፍ የተወረሰ ቃል ሲሆን ስኮትላንድ ውስጥ የወረቀት ከረጢትን ዛሬም እንዲሁ ይሉታል። «ፖኬት»፣ ማለትም ኪስ፣ ትንሿ ፖክ ናት። የሚጎነትለው ግን ዘሩ ሌላ ነው፤ ከድሮ ደችና ከሰሜን ጀርመኖች ቋንቋ ይመዘዛል። የምድጃዎን መቆስቆሻ «ፖከር» የሚሉት ከዚህኛው ነው። አሳማውን ይተዉትና አፉ የተሰፋ ጆንያ ጤፍ ሳይፈቱ መግዛት ይበሉት።

የሰኞ ገበያው፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጤፍ ካሉማ ነገሩ ገባኝ! አምና ከላዩ ነጭ የሆነ ጆንያ ገዝቼ ቤት ስገለብጠው ከሥሩ ቀይ ሆኖ አገኘሁት። ነጋዴዎቹ እንኳ አይታለሉም፤ ጫፉ ሾጣጣ፣ ሆዱ ክፍት የሆነ ብረት አላቸው። ጆንያውን ጎኑ ላይ ወጋ ሲያደርጉት እፍኝ የማትሞላ እህል በብረቱ ሆድ ተንሸራትታ መዳፍ ላይ ትፈሳለች። እንግዲህ ፖክ በፖክ ተወጋ ማለት ነው።

የእንዶድ ልጅ፦
ሦስተኛም አለላችሁ። «ፖክዊድ» የሚባለው የአሜሪካ ተክል የእንዶዳችን የቅርብ ዘመድ ነው፤ ሳይንሱ ሁለቱንም ፊቶላካ ይላቸዋል። ስሙ ግን ከሁለቱም ፖኮች አይገናኝም፤ የቨርጂኒያ ነባር ሕዝቦች ማቅለሚያ ተክልን ከሚጠሩበት ቃል የመጣ ነው። ፍሬው ሲጨመቅ ደም የመሰለ ቀለም ይወጣዋል። የእኛው ግን አረፋ ነው የሚሰጠው፤ እናቴ ነጠላዋን ያለ እንዶድ አጥባ አታውቅም። ሳይንቲስቱ አክሊሉ ለማም በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን ያስተዋሉት በዚሁ አረፋ ሰበብ ነው።

የሰኞ ገበያው፦
ሁሉንም ለልጄ አነበብኩላት። «የፌስቡኩ ፖክስ የቱ ነው?» አለችኝ። የሚጎነትለው ነው አልኳት፤ ደብተሯ ላይ ግን አልጻፈችውም።