ከወሊድ በኋላ ለቆየ የዳሌ ሕመም ኦስቲዮፓቲ ይረዳልን?

ጠያቂ፣ ከአራት ኪሎ፦
ጤና ይስጥልኝ። ሁለተኛ ልጄን በቀዶ ጥገና ከተገላገልሁ ዓመት ከአራት ወር አለፈኝ። ካለፉት ስምንት ወራት ወዲህ ግን ከእምብርቴ በታችና በጭራ አጥንቴ ዙሪያ የሚጫነኝ፣ ቸርችል ጎዳና በሚገኘው መሥሪያ ቤቴ ተቀምጬ ስውል የሚብስ፣ ከባለቤቴ ጋር ግንኙነት ስናደርግም የሚያስጨንቀኝ ሕመም አለ። የሽንት ምርመራውም አልትራሳውንዱም ደህና ነው ተብዬ ማስታገሻ ተሰጥቶኝ ተመለስሁ፤ «ምንም የለብሽም» መባሉ ራሱን የቻለ ሕመም ሆነብኝ። ፓሪስ የምትኖረው እህቴ ከወሊድ በኋላ በእጅ እየዳሰሰ የሚያክም ኦስቲዮፓት ዘንድ ሄዳ እንደተሻላት ትናገራለች፤ በመጪው ክረምት ስጎበኛት ቀጠሮ ልትይዝልኝ አስባለች። አክስቴ በበኩላቸው «ይህማ የወጌሻ ሥራ ነው» ይላሉ። ሁለቱ አንድ ናቸውን? ይረዳኝስ ይሆን?

መልስ፣ ከፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፦
እህቴ፣ ምርመራው ደህና መሆኑ ሕመምዎ የለም ማለት አይደለም። ከፊት ከብልት አጥንት አንሥቶ ከኋላ እስከ ጭራ አጥንት እንደ አልጋ ጠፍር የተወጠሩ፣ የዳሌ ወለል የሚባሉ ጡንቻዎች አሉ፤ ፊኛን፣ ማህፀንንና የአንጀትን ጫፍ ደግፈው የሚይዙት እነርሱ ናቸው። እነዚህ ጡንቻዎች ከእርግዝና፣ ከቀዶ ጥገና ወይም ከቆየ ሕመም የተነሣ ተኮማትረው መላላት ሲያቅታቸው መቀመጥም ግንኙነትም ያማል፤ የተለመደው አልትራሳውንድ ደግሞ ይህን ለይቶ አያሳይም።

ኦስቲዮፓቲ አሜሪካዊው ሐኪም አንድሩ ቴይለር ስቲል እ.ኤ.አ. በ1874 ያስተዋወቁት፣ መገጣጠሚያንና ጡንቻን በእጅ እየዳሰሱ የሚያክሙበት ዘዴ ነው። ዛሬ በአሜሪካ በዚህ ስም የሚመረቁት መድኃኒት የሚያዝዙና ቀዶ ጥገና የሚሠሩ ሙሉ ሐኪሞች ሲሆኑ፣ በፈረንሳይ ግን ብዙዎቹ ሐኪም አይደሉም። ስለዚህ እህትዎ ቀጠሮውን ከመያዛቸው በፊት የባለሙያውን ሙያ ይጠይቁ፤ የፈረንሳይ ደንብ፣ በሌላ የጤና ሙያው ካልተፈቀደለት በቀር፣ ኦስቲዮፓት በብልት በኩል የሚደረግ ምርመራ እንዳያደርግ ይከለክላል። በእርግዝናና ከወሊድ በኋላ ለሚከሰት የወገብና የዳሌ ሕመም ተስፋ የሚሰጡ ጥናቶች አሉ፤ ሆኖም አብዛኞቹ በጥቂት ሴቶች ላይ የተሠሩ ናቸው። እኔ የምመርጥልዎ የዳሌ ወለል ጡንቻን ለይቶ የሚያክም ፊዚዮቴራፒ ነው። ወጌሻን አልንቅም፤ ወለምታን የሚያቃኑ ብልህ እጆች አሉ፤ የተሰፋ ሆድ ግን አይታሽም።

መልስ፣ ከለገሃር፦
እኔን ስድስት ዓመት ያንገላታኝ ኢንዶሜትሪዮሲስ ነበር። የማህፀንን የውስጥ ሽፋን የሚመስል ሕዋስ ከማህፀን ውጭ የሚያድግበት ሕመም ሲሆን፣ በመውለድ ዕድሜ ካሉ ሴቶች ከ10 አንዷን ገደማ ይይዛል። የእኔም አልትራሳውንድ ሁለት ጊዜ ንጹሕ ነው ተብሏል። የእጅ ሕክምናው ወገቤን አቀለለልኝ፤ በሽታውን ግን አላቆመውም። እባክዎ ሕመሙ ከወር አበባዎ ጋር ይመላለስ እንደሆነ ሁለት ወር ያህል ቀኑን እየጻፉ ይመዝግቡና ለማህፀን ሐኪም ያሳዩ።

ጠያቂ፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አሁን ሳስበው የወር አበባዬ ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው የሚብስበት ጊዜ አለ፤ ይህን ለሐኪሙ አልነገርሁም፣ አልተጠየቅሁምም። ከፓሪሱ ጉዞ በፊት የማህፀን ሐኪም አያለሁ። እስከዚያው የዳሌን ጡንቻ የሚያጠብቀውን ስፖርት ልጀምርን?

መልስ፣ ከፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፦
አይጀምሩ፤ የተኮማተረ ጡንቻን ማጥበቅ ሕመሙን ሊያብሰው ይችላል። በጀርባዎ ተኝተው፣ ጉልበትዎን አጥፈው፣ ሆድዎ እስኪነሣ ቀስ ብለው አየር ይሳቡ፤ አየሩ ሲገባ የዳሌ ወለልም አብሮ ይላላል። ትኩሳት፣ ከወር አበባ ውጭ የሚፈስ ደም፣ በጭኖችዎ መካከል መደንዘዝ ወይም ሽንት መቋጠር አለመቻል ከመጣ፣ ወይም የወር አበባዎ ቀርቶ ሕመሙ ከበረታ፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ።