«ዉመንሁድ» በዴንማርክኛ ምን ይባላል? ጾታውስ?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። «በሴትነቷ ትኮራለች» የሚል ዐረፍተ ነገር ከእንግሊዝኛ ወደ ዴንማርክኛ እየመለስኩ ነው። እንግሊዝኛው «ዉመንሁድ» ይላል፤ መዝገበ ቃላቱ «ክቬነሊሄድ» ይሰጠኛል። ልጅነት «ባርንዶም» ከተባለ «ክቬነዶም» ማለትስ አይቻልም? ቃሉ ስለ ሴት ስለሆነ አንስታይ ይሆናል ወይ?

ቀለም፦ «ክቬነዶም»ን ተወው፤ አሠራሩ ትክክል ይመስላል እንጂ ለዴንማርካዊ ጆሮ እንግዳ ነው። «ክቬነሊሄድ» ደግሞ ወደ ሴት ወዝ፣ አኳኋንና ውበት ያደላል። ሴት ሆኖ መኖርን ለማለት ከፈለግክ ስሙን ትተህ በግስ ሂድ፦ «አት ቬረ ክቬነ»፣ ሴት መሆን። የእኛ «ሴትነት» ሁለቱንም ስለሚሸከም ነው ልዩነቱ የሚያመልጠን።

ሰዋስው፦ በመደበኛው ዴንማርክኛ አንስታይ የሚባል የስም ጾታ የለም። የጥንቱ ተባዕታይና አንስታይ ተዋህደው «የጋራ ጾታ» ሆነዋል፤ ሌላው «ጾታ አልባ» ነው። (ሦስቱንም ይዘው የቀሩ ዘዬዎች አሉ፣ የቦርንሆልም ደሴት አንዱ ነው።) እዚህ ጾታውን የሚወስነው የቃሉ ጅራት ነው። በ«ሄድ» የሚያልቅ ስም ሁሉ የጋራ ስለሆነ፣ «ሴትነቱ» ብለህ ስሙን ስትወስን የጋራውን «ኤን» ጨምረህ «ክቬነሊሄደን» ትላለህ። «ፍሩኤንቲመር» የሚባለው ያረጀና ንቀት ያለበት የሴት መጠሪያ እንኳ ጾታ አልባ ነው፤ «ኤት» የሚለውን የጾታ አልባ መስተአምር ይወስዳል፣ ተውላጠ ስሙ ግን «ሁን» (እሷ) ነው።

«አት ቬረ ክቬነ» የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት ሲሆን ቅጽሉ የጾታ አልባውን «ት» ይጨምራል። «ሴት መሆን ውብ ነው» ሲባል «ስሙክት»፤ «ክቬነሊሄደን» ባለቤት ከሆነ ግን «ስሙክ» ብቻ።

ሌላው ወጥመድ ባለቤትነት ነው። «ሴትነቷ» ላይ ያለችው «ቷ» ባለቤቷ ሴት መሆኗን ትናገራለች። የዴንማርክኛው «ሲን» (የራሷ ወይም የራሱ) ስለ ባለቤቱ ጾታ ምንም አይልም፤ የሚስማማው ከተያዘው ስም ጋር ነው፦ ለጋራ ጾታ «ሲን»፣ ለጾታ አልባ «ሲት»። በ«ሲን» ቦታ «ሄነስ» (የእሷ) ካስገባህ በሌላ ሴት ሴትነት የምትኮራ ታስመስላታለህ!

ቀለም፦ አንድ ልጨምር። ቃሉ ሴቶችን በጅምላ የሚያመለክት ከሆነ «ክቬነኮነት» ነው። ጥምር ስም ጾታውን ከመጨረሻው ክፍል ይወርሳል፤ «ኮን» ጾታ አልባ ነውና። «ኮን» ልክ እንደ እኛው «ጾታ» ለሰውም ለሰዋስውም ያገለግላል። «ሁንኮን»ን ግን ለእንስሳ፣ ለዕፅዋትና ለሰዋስው አቆየው፤ እዚህ ብታስገባው የሥነ ሕይወት መማሪያ ያስመስልብሃል።

ጠያቂ፦ እንግዲያው «ሁን ኤር ስቶልት አ አት ቬረ ክቬነ» (ሴት በመሆኗ ትኮራለች)። «ስቶልት» ላይ ያለው «ት» የጾታ አልባ ምልክት አይደለም? «ሁን»ን ይዞ እንዴት ይሄዳል?

ሰዋስው፦ ያ «ት» የቃሉ ሥር ነው፤ ለሁለቱም ጾታ አይለወጥም። ለብዙ ቁጥር «ስቶልተ» ይሆናል። ዐረፍተ ነገርህ እንዳለ ይሂድ።